ስለ ቢስክሌት ሲጠይቁን ምን ብለን እንመልስ?

የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና በተቃረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ይታያል። በላዩ ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ ተብለው የተገመቱ ርእሶችና ለያንዳንዱ ርእስ አሥር መሥመር ያህል መልስ ተጽፎበታል። ስለ ቢስክሌት የተጻፈው መልስ «ቀይ ቢስክሌት አለኝ» ብሎ ይጀምርና «በየቀኑ በእርሱ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ይጨርሳል። ታዲያ ከኛ ከሠልጣኞቹ መካከል ቀይ ቀርቶ ምንም ዓይነት ቢስክሌት ኖሮት የማያውቀው ስንቱ ነው? ገሚሳችን ያደግነው ከቢስክሌት ይልቅ በቅሎ በሚያዋጣበት ዳገት ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ወረቀት በሌላ ወረቀት መተካት አይደለም። ቢስክሌት የሌለውም ሆነ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ነድቶ የማያውቀው ሰው ስለ ቢስክሌት ሲጠየቅ በቂ፣ እንዲያውም ጥሩ መልስ ሊሰጥ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ፈታኙ የሚመዝነው እንግሊዝኛችንን ነው፤ ቢስክሌቱ ሰበብ ነው። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል የጻፍኩት ፈተናው የጆሮና የአፍ ስለሆነ ነው። ይሁንና ፊደላችን የእንግሊዝኛን ድምፅ ሁሉ አይዝምና የጎደለውን አንባቢ ከመምህራን አፍ እየሰማ ያስተካክለው።

በቃል የተጠናው መልስ ለምን እንደማያዋጣ ለመረዳት አንድ ልምምድ መመልከት ይበቃል። ባለፈው ሰሞን ሁለት ሁለት ሆነን ስንለማመድ አንዱ ጓደኛችን ያንን አሥር መሥመር እንደ ዳዊት አወረደው። ጠያቂው ሆኖ የተቀመጠው ልጅ ተንኮለኛ ቢጤ ነውና «ሁ ሪፔርስ ኢት ፎር ዩ?» ማለትም «ማን ይጠግንልሃል?» ብሎ ጠየቀው። ዝም ጭጭ! ወረቀቱ ላይ የለማ። ያ ልጅ እንግሊዝኛ የማይችል ሆኖ አይደለም፤ ከጥያቄው በኋላ ስለ እግር ኳስ ሲከራከር እንደልቡ ነበር። የሌለውን ቢስክሌት ማን እንደሚጠግነው ማሰብ ግን ለማንም ይከብዳል። ውሸቱንም፣ ሰዋስዉንም፣ ድምፁንም በአንድ ጊዜ መሸከም ነው።

ከዓለም አቀፍ ፈተናዎች መካከል ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው አይኤልቲኤስ የሚባለው ነው። እኛ የምንቀመጥለት ፈተና እርሱ ባይሆንም መመዘኛው በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። የንግግሩ ክፍል በጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሌሎች የዕለት ተዕለት ነገሮች አጫጭር ጥያቄ ይቀርባል፤ የቢስክሌት ዓይነቱ ጥያቄ ቦታው እዚህ ነው። ቀጥሎ አንድ ካርድ ይሰጥና 1 ደቂቃ አስቦ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ያለማቋረጥ መናገር ይጠበቃል። በመጨረሻም ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ጠለቅ ያለ ውይይት አለ። ማርኩ በአራት መመዘኛዎች እኩል ይከፈላል፦ ሳይደናቀፉና ሐሳብን አያይዞ መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው፣ የድምፅ አወጣጥ። ቢስክሌት ላለው የተመደበ ማርክ ከአራቱም ውስጥ የለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ባይሲክል?» ቢባልና ባይኖረን ምን እንላለን? ብዙዎቻችን «ኖ» ብለን አፋችንን እንዘጋለን። «ኖ» ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ መዝጋቱ ነው ጉዳቱ። መልሱ መልስ፣ ምክንያትና ትንሽ ጭማሪ ይኑረው። ለምሳሌ፦ «ኖ፣ አይ ዶንት። አይ ግሩ አፕ ኢን ኤ ሂሊ ቪሌጅ፣ ኤንድ ፒፕል ዜር ዎክ ኦር ዩዝ ዶንኪስ። ባት አይ ዉድ ላይክ ቱ ለርን።» የለኝም፤ ያደግኩት ዳገታማ መንደር ነው፣ እዚያ ሰው በእግሩ ይሄዳል ወይም በአህያ ይጠቀማል፤ መማር ግን እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንዲት ውሸት የለባትም፣ ሦስት ዓይነት የግሥ አካሄድም ታይቶባታል። ቀጥሎ ፈታኙ ስለ መንደሩ ቢጠይቅ ደግሞ የምናውቀውን ስለምንናገር አንጨነቅም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፈታኙ ጥያቄውን በአሉታ አድርጎ «ዶንት ዩ ሃቭ ኤ ባይሲክል?» ሊል ይችላል። በአማርኛ «ቢስክሌት የለህም?» ስንባል «አዎ፣ የለኝም» እንላለን፤ አዎ የምንለው ጠያቂው ልክ ነህ ለማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂውን ትቶ ነገሩን ያያል። ከሌለን «ኖ፣ አይ ዶንት»፣ ካለን «የስ፣ አይ ዱ» ነው። «የስ፣ አይ ዶንት» የሚለው አባባል ለእንግሊዝ ጆሮ ሁለት ሰዎች በአንድ አፍ የተናገሩ ያህል ነው። ይህን በደንብ መለማመድ ያስፈልጋል፤ ምላስ የለመደችውን አማርኛ ቀድማ ትናገራለችና።

ከሁሉም የበለጠ የሚያደናቅፈን «መንዳት» የሚለው ቃላችን ነው። አማርኛችን መኪናንም ይነዳል፣ ቢስክሌትንም ይነዳል፣ አህያንም ከኋላ ሆኖ ይነዳል። እንግሊዝኛው ግን ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። መኪና «ድራይቭ» ይደረጋል፤ ከብትን ከኋላ ሆኖ መንዳትም «ድራይቭ» ነው። ፈረስ፣ በቅሎ፣ ቢስክሌትና ሞተር ቢስክሌት ግን እግርን ከፍቶ ላያቸው ላይ ስለሚወጡባቸው «ራይድ» ይባላል። ለማስታወስ የሚረዳኝ ኮርቻው ነው። የቢስክሌት መቀመጫ በእንግሊዝኛ «ሳድል» ይባላል፤ ይህም ያው የፈረስ ኮርቻ ስም ነው። እኛም ኮርቻ እንላለን። እንግዲህ ኮርቻ ካለው «ራይድ» ነው። ዛሬ «ራይድ»፣ ትናንት «ሮድ»፣ ከ«ሃቭ» ጋር ሲሆን «ሪደን»። «ሃቭ ዩ ኤቨር ሪደን ኤ ባይሲክል?» ሲባል «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ሪደን ዋን» ማለት ነው። «ሮድ» የሚለው ያለፈ ጊዜ ግሥና መንገድ ማለት የሆነው «ሮድ» ድምፃቸው አንድ ነው፤ ስትሰሙ ግራ እንዳትጋቡ።

ይህ ለኛ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ክፍል ውስጥ ቆመን «አይ ድራይቭ ኤ ባይሲክል» ብንል ክፍሉ ሙሉ ሕፃን በአንድ ድምፅ ተቀብሎ ይደግመዋል። ከዚያ በኋላ ያንን ከሕፃናቱ አፍ የሚያወጣ መምህር መከራውን ያያል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ። በአማርኛ «ቢስክሌት ትችላለህ?» «እችላለሁ» እንባባላለን፤ መንዳት የሚለውን መናገር አያስፈልገንም። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ይጠራ፦ «አይ ካን ራይድ ኤ ባይሲክል»። «ኤ» የምትለዋ ትንሽ ቃልም አትቅር። «አይ ሃቭ ኖት ባይሲክል» ከማለት «አይ ዶንት ሃቭ ኤ ባይሲክል» ይባል። ደግሞም እኛ የምንወዳትን ቢስክሌት «ቢስክሌቷ» እያልን እንደ ሴት እንጠራታለን። በፈተናው ላይ «ሺ» ብትሏት ፈታኙ ስለ እኅታችሁ የምታወሩ ሊመስለው ይችላል። ለእንግሊዝኛ ቢስክሌት «ኢት» ናት።

«በ» የምትለው ፊደላችን ደግሞ ታታሪ ናት፤ በቢስክሌት፣ በእግር፣ በመዶሻ፣ በከተማ ስንል ሁሉንም ትሠራለች። ስለዚህ ብዙ ሠልጣኝ «ዊዝ ባይሲክል» ሲል ይሰማል። ትክክሉ «ባይ ባይሲክል» ነው፤ በዚህ ጊዜ «ኤ» አይገባም። የማን እንደሆነ ለመናገር ከተፈለገ «ኦን ማይ ባይሲክል»፣ «ኦን ሂዝ ባይሲክል» ይባላል። በእግር ሲሆን «ኦን ፉት» ነው። ቢስክሌት ላይ ሲወጡ «ጌት ኦን»፣ ሲወርዱ «ጌት ኦፍ»፣ ሲወድቁ «ፎል ኦፍ»። መኪና ውስጥ ስለሚገባ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ይባላል። አውቶቡስ ግን «ጌት ኦን» ነው፤ ኮርቻ የለውም ብላችሁ አትከራከሩኝ፣ ቋንቋ ነው።

ልጅ ሳለሁ እነዳ ነበር ለማለት ብዙ ጊዜ «አይ ዎዝ ራይዲንግ» ይባላል። «ነበር» የሚለው ቃላችን ነው የሚጎትተን። «አይ ዎዝ ራይዲንግ» ማለት በዚያች ቅጽበት እየነዳሁ ሳለሁ ማለት ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ፣ ውሻው ሲዘል። ልማድ የነበረ ነገር ሲሆን «ዌን አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ፣ አይ ዩዝድ ቱ ራይድ ኤ ባይሲክል» ይባል። በሚናገሩት ሰዎች አፍ «ዩዝድ ቱ» የሚለው «ዩስቱ» ሆኖ እንደሚሰማ ልብ በሉ።

ስለ ድምፅ ካነሳን፣ ቢስክሌት የሚለው የኛ ቃል የተቀረጸው በጣልያንና በፈረንሳይ አፍ ነው። ጎማ የምንለውም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ስለዚህ ፈተና ላይ «ቢስክሌት» ብንል ላይገባቸው ይችላል። «ባይሲክል» ስንል ድምፁን የምናጠብቀው «ባይ» ላይ ነው። የሚገርመው ነገር ሞተር ቢስክሌት «ሞተርሳይክል» ሲባል «ሳይክል» ይላል፣ «ባይሲክል» ግን «ሲክል» ይላል፤ አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ ሳለ። «ባይሳይክል» የሚል ሰው ከዚህ የተነሳ ነው። አጭሩ «ባይክ» ደግሞ በንግግር ውስጥ ፍጹም ተቀባይነት ያለው ቃል ነው። ሁለት ተነባቢ በተደራረበበት ቦታ ላይ አማርኛችን «እ» ይጨምራል፤ «እስፖርት» እንደምንለው። የጎማ ሽቦዎች «ስፖክስ» ናቸው እንጂ «እስፖክስ» አይደሉም።

የቃላት ሀብትን በተመለከተ ብዙ ሰው ከባድ ቃል ፍለጋ ይደክማል። መመዘኛው ግን የማያውቁትን ቃል በሚያውቁት ቃል ዙሮ መግለጽን እንደ ችሎታ ይቆጥረዋል። ለምሳሌ ጎሚስታ የምንለውን ባለሙያ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልጥራው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። «ኤ ማን ሁ ሪፔርስ ታየርስ» ማለት ይበቃል። ጎማዬ ተንፍሶ ነበር ለማለት «አይ ሃድ ኤ ፓንክቸር» ይባላል፤ ቃሉ ከጠፋ «ዘ ኤር ኬም አውት ኦፍ ዘ ታየር» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሐሳብ ሲጠፋ ደግሞ «እ... እንትን...» ከማለት «ዌል፣ ሌት ሚ ቲንክ» ማለት ጊዜ ይገዛል። ጥያቄው ካልተሰማ «ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ክዌስቸን፣ ፕሊዝ?» ማለትም ነውር አይደለም። ያልሰሙትን መመለስ ነው ነውሩ።

ለ2 ደቂቃው ንግግር «በልጅነት የተማራችሁት ነገር» ወይም «የማትረሱት ጉዞ» የሚል ካርድ ደርሷችሁ ስለ ቢስክሌት መናገር ብትፈልጉስ? ወረቀቱ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ፤ 1 ደቂቃ አይበቃም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሆነ ብላችሁ አራት ቃል ብቻ አስቀምጡ። የግድ የራሳችሁ ቢስክሌት መሆን የለበትም። በየከተማው ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ቢስክሌት በሰዓት ሲከራዩ፣ «ተራዬ ደረሰ፣ አልደረሰም» እያሉ ሲጣሉ ያላየ የለም። የሌላውን መንዳት ቆሞ ማየትም ታሪክ ነው።

በልምምዳችን ላይ ከሰማኋቸው ሁሉ ደስ ያለኝ የአንዲት ሠልጣኝ መልስ ነበር። በሰፈሯ ሴት ልጅ ቢስክሌት አትነዳም ይባል ስለነበር ታናሽ ወንድሟ ሲለማመድ እርሷ ከኋላው ኮርቻውን ይዛ ትሮጥ ነበር። «ማይ ብራዘር ሮድ፣ ኤንድ አይ ራን ቢሃይንድ ሂም፣ ሆልዲንግ ዘ ሳድል» አለች። አንድ ቀን ሳያውቅ ለቀቀችው፤ ልጁም ብቻውን ሄደ። «ሂ ዲድንት ኖው አይ ሃድ ሌት ጎ» አለች። ይህን በምትናገርበት ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ጠያቂዋ «አሁንስ መማር ትፈልጊያለሽ?» ስትላት «የስ፣ ኢቨን ናው። አይ ኦልረዲ ኖው ሃው ቱ ሆልድ ኢት» ብላ መለሰች። እስካሁን እንኳ፤ አያያዙን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ቃሎቹ ሁሉ ከ8ኛ ክፍል መጽሐፍ የማያልፉ ናቸው። ያለፈ ጊዜ ግሦቿ ግን በቦታቸው ገብተዋል፤ ነገሩም የራሷ ስለሆነ ስትናገር አልተደናቀፈችም። ያንን ወረቀት አጥንታ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ በቀይ ቢስክሌት ትለውጠው ነበር።

የመጨረሻው ክፍል ውይይት ነውና ትንሽ ዕውቀት ይፈልጋል። «በአገራችሁ ከተሞች ቢስክሌት የሚነዳ ሰው ለምን ያንሳል?» ቢባል አንዱ ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ ያደክማል። በጣና ዳር የተዘረጋችው ባሕር ዳር ግን ሜዳ ስለሆነች በቢስክሌቷ የታወቀች ናት። ሁለተኛው የመንገድ ፍርሃት ነው፤ ከመኪና ጋር አንድ መንገድ መጋራት ያስፈራል። በዚህ ረገድ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መንገዶች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለቢስክሌት መለቀቃቸው፣ በቅርብ ዓመታትም በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት መንገዶች ላይ የቢስክሌት መሥመር መሠራቱ ጥሩ ምሳሌ ነው።

«ሜዳ አገር ስለሆነ ነው» ብሎ መከራከር ብቻውን እንደማይበቃ ለማሳየት ደግሞ ሆላንድን መጥቀስ ይቻላል። እዚያ የቢስክሌቱ ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ይሁን እንጂ መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና መንገዱን ወርሶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በመኪና አደጋ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ስለበዛ ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ በ1973 ደግሞ ነዳጅ ተወደደ። የተለየ የቢስክሌት መንገድ በስፋት መሥራት የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ምክንያትና ውጤት ሲነገር «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞ»፣ «አፍተር ዛት» የሚሉት ማያያዣዎች በራሳቸው ይመጣሉ።

ቢስክሌት በጊዜ ብዛት እንዴት እንደተለወጠ ቢጠየቅ ሁለት ሦስት ነገር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ የሠራው ባለ ሁለት እግር የእንጨት ተሽከርካሪ ፔዳል ስላልነበረው ሰውየው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ያወጣው ቢስክሌት ሁለት ተቀራራቢ ጎማዎችና የኋላውን ጎማ የሚያዞር ካቴና ስለነበረው ዛሬ የምናየውን ይመስላል። በ1888 ደግሞ ቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት በነፋስ የሚሞላ ጎማ ሠራለት። ስፖርት ከተነሳ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞችም እንደነበሯት፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ መናገር ያኮራል። ብቻ ዓመተ ምሕረት ለመደርደር ብላችሁ ጥያቄውን እንዳትረሱ፤ አንድ ዓመት ጠርቶ ወደ ሐሳብ መመለስ ይሻላል።

እስከ ፈተናው ድረስ በየማታው ሁለት ሁለት ሆነን እንለማመድ። ጠያቂው እነዚህን ይጠይቅ፦ «ዲድ ዩ ሃቭ ኤ ባይሲክል ዌን ዩ ወር ኤ ቻይልድ?»፣ «ሁ ቶት ዩ ቱ ራይድ?»፣ «ሃቭ ዩ ኤቨር ፎለን ኦፍ ኤ ባይሲክል?»፣ «አር ባይሲክልስ ጉድ ፎር ኦልድ ፒፕል?»፣ «ሹድ ገርልስ ለርን ቱ ራይድ አት ስኩል?»። ከያንዳንዱ መልስ በኋላ ጠያቂው ያልተዘጋጀበትን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያንሳ፤ ተንኮለኛ ቢሆን ይመረጣል። መላሹ ወረቀት አይያዝ። «ድራይቭ» ያለ ሰው ደግሞ በማግስቱ የጓደኛውን ሻይ ይክፈል።